ጥርሴን አሞኛል ይበሏት

ልብስ ሰፊ ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቃል። ያረገዘችውን ባሏ ሳይሰማ አውቃለሁ፤ የከሳችውን እናቷ ሳታይ አውቃለሁ። መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የሰው ወገብና የሰው ትከሻ ስለካ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቁጥር የለየሁት ከሜትሬ ላይ ነው። ፊደሉን ደግሞ ልጄ ስታጠና ከጎኗ ሆኜ፣ ጨርቅ የምቆርጥ እየመሰልኩ ለቀምኩት። እዚህም እዚያም አጻጻፌ ቢንሻፈፍ፣ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ መርፌ የለመደ ስለሆነ ነው።

የምጽፈው ስለ አንዲት ጓደኛዬ ልብ ነው። ስሟን አልጠራም። ግራና ከምትባል መንደሯ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣች መርሳ ገበያ ትሸጥ ስለነበር የግራናዋ እላታለሁ።

ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ በኋላ መድኃኒቴን የምወስደው ወልድያ ነበር። መርሳም ይሰጣል። ግን መርሳ ያለችውን ሴት ሁሉ ቀሚሷን ሰፍቼላታለሁ፤ ማን ሲገባ ማን ሲወጣ እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀጠሮዬ ሲደርስ በጠዋት ሚኒባስ እይዛለሁ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እሸፋፈናለሁ፣ ወልድያ ደርሼ ከሆስፒታሉ ጓሮ ካለችው ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከጎኔ አንዲት ሴት ተቀመጠች። ጥቁር ሻርፕ ፊቷ ላይ ጥላለች። ፊቷን አላየሁትም፤ ያየሁት የቀሚሷን ጠርዝ ነው። ጠርዙ በእጅ የተሰፋ ነበር፣ በየሦስት ጥልፉ አንድ ወደ ኋላ የሚመለስ። እንደዚያ የሚሰፋ ሰው መርሳ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

«ይሄን ቀሚስ አውቀዋለሁ» አልኳት ቀስ ብዬ።

ሻርፑ ተገለጠ። «ወላሂ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ጥርሴን አሞኝ።»

ትንሽ አሰብ አደረገች። «እኔም ጥርሴን ነው።»

ካርድ የሚሰበስበው ሰውዬ ሰምቶን ኖሮ ጠጋ አለ። «እናቶቼ፣ ጥርስ እዚህ አይደለም እኮ። ጥርስ የሚነቀለው ከላቦራቶሪው አጠገብ ነው። ተሳስታችሁ ነው የተቀመጣችሁት» አለን በቅንነት።

ተያየን። መጀመሪያ እሷ ናት የሳቀችው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጎሰጎስኩ። ምርመራው የተነገረኝ ቀን ያላለቀስኩት ልቅሶ ያን ዕለት በሳቅ መልክ ወጣ። ሰውዬው «ጥርስ ሲያም ያስቃል እንዴ?» እያለ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በሰው መሀል የምንነጋገረው በጥርስ ሆነ። «ጥርስሽ እንዴት ነው?» ማለት ኪኒንሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይ ማለት ነው። «ጥርሴ ተነቃነቀ» ማለት ቀጠሮዬ ደረሰ ማለት ነው። «ጥርሴን አሞኛል» ካለች ደግሞ መድኃኒቴ አልቋል፣ ካለሽ አካፍይኝ ማለቷ ነው። ገበያ መሀል ቆማ «ኧረ ጥርሴ!» ብላ ስትጮህ ሽንኩርት የሚገዛው ሰው ሁሉ ቅርንፉድ ያዥበት እያለ ይመክራት ነበር።

መድኃኒቱ አኖረን። ይህን ሳልል ሌላውን ብናገር ግፍ ይሆንብኛል። ግን ከዓመታት በኋላ ገላችን መቀያየር ጀመረ። የእኔ ጉንጭ ጎደጎደ፣ ባቴ ሟሟ፣ የእጄ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገተረ። እግሬ እንዳይታይ ከጉርዴ ስር ሁለት ሱሪ ደርቤ እለብስ ነበር። የግራናዋ ደግሞ ክንዷና እግሯ ሲቀጥን ሆዷ ገፋ፣ ጡቷ ከበደ፣ ማጅራቷ ላይ ትንሽ ጉብታ አወጣች። አንገትጌዋን ሦስት ጊዜ ቀየርኩላት።

የእኔ ለውጥ ወሬ አመጣብኝ። የእሷ ምርቃት አመጣላት። በእኛ አካባቢ «ወፈርሽ» የተባለ ሰው አሜን ይላል እንጂ አይቆጣም። ደግሞ ሰው ሁሉ «ያ በሽታ» ያለበት ይከሳል፣ ይመነምናል ብሎ ነው የሚያምነው። ስለዚህ ሆዷ ከገፋ ወዲህ የግራናዋን የሚጠረጥር ጠፋ። አንድ ጊዜ የግራናዋ ባል የሞተበትን ምክንያት እያነሳሳች ስታማት የኖረች ጎረቤቷ መንገድ ላይ አስቁማ «ማሻአላህ፣ አንቺንስ ጌታ ክሶሻል» አለቻት። የግራናዋ ይህን ስትነግረኝ ሆዷን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ነበር።

«አየሽ? ይሄ ምስክሬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እሱ ይመልስልኛል።»

ነርሷ ግን አልወደደችውም። ጠይም፣ ቁጡ የምትመስል፣ ልቧ ግን የሚራራ ሴት ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን። አንድ ቀን ሁለታችንንም አንድ ላይ አስገባችንና አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አይታ «እስቲ አውሺኝ» አለችኝ። የግራናዋን ወገብ ለካች። ከዚያ የደም ግፊቷን ለካች። ሁለተኛ ለካች። ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ የምግብ ውፍረት አይደለም» አለቻት። «ከቆዳሽ ስር ያለው እየሟሸሸ፣ ውስጥ አንጀትሽ ዙሪያ ያለው ስብ እየበዛ ነው። በድሮዎቹ ኪኒኖች የተነሳ ነው ለብዙ ሰው። ቫይረሱም ራሱ የደም ሥርን እያስቆጣ ይኖራል። ያ ስብ፣ ግፊቱ፣ ቫይረሱ ተደማምረው ልብን ነው የሚጎዱት። እኛ ጋ ሰው በቫይረሱ አልሞት እያለ በልብ እየሞተብን ነው።»

«ታዲያ ኪኒኑን ልተወው?» አለች የግራናዋ።

«እንዳታደርጊው! ማቋረጥ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ለልብሽም ቢሆን። እሱን እንቀይርልሻለን። በዚያ ላይ የግፊት ኪኒን ትጨምሪያለሽ፣ ጨውና ዘይት ትቀንሺያለሽ። ደግሞ ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ከከበዳችሁ፣ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ አገጭና ወደ ጥርስ ከወጣ፣ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ኑ።»

ጥርስ ስትል ተያየን። አለቀልን። የግራናዋ ሻርፏን ነከሰች፣ እኔ ወደ ግድግዳ ዞርኩ፣ ትከሻችን እየተንቀጠቀጠ ሲስተር እስክትቆጣ ድረስ ሳቅን። «የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም!» አለች። እውነቷን ነው። እኛ ግን ሳቃችንን ይዘን ወጣን እንጂ የተናገረችውን አልያዝንም።

የግፊቱን ኪኒን ለጥቂት ጊዜ ዋጠች፣ ከዚያ ተወችው። «ምንም ላላመመኝ ነገር? ደግሞ አንድ ዕቃ ደብቄ የምኖረው አነሰኝና ሁለተኛ ልደብቅ?» ነው ያለችኝ። ተከራከርኳት ብል ውሸት ነው።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልናገር። እኔ ልብስ ስሰፋ በጎንና በጎን ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ እተዋለሁ። ሰው ወፈር ሲል ያንን ተርትሬ እለቅለታለሁ፤ ቀሚሱ እንደ አዲስ ይሆናል። የግራናዋ «ይሄ ቀሚስ ታጥቦ ጠበበ መሰለኝ» እያለች ታመጣልኛለች። እኔም «ጨርቁ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» እላታለሁ። ማታ ቁጥሩን አየዋለሁ። ሜትር አይዋሽም። ሲስተር ከለካችው አልፏል፣ ደግሞ አልፏል። ተርትሬ፣ ለቅቄ፣ ተኩሼ እመልስላታለሁ። እሷ ደስ ይላታል። እኔም ደስ ስላላት ደስ ይለኛል። በሙያችን የደንበኛን ወገብ ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ነውር ነው። እኔም በነውሩ ተሸሸግሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ክረምቱ መሀል ላይ ነበር። ወልድያ ስትያዝ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እስከ እኛ ይሰማ ነበር። ሰው ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ደሴ ይጎርፋል። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትሠራ ስለሆነች መብራት ቢጠፋም አልቆመችም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ለሚሸሸው ሰው የስንቅ ከረጢት ስሰፋ ዋልኩ። ልጄን ከዘመድ ጋር ወደ ደሴ ሰደድኳት። እኔ ዛሬ ነገ ስል መንገዱ ተዘጋ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ የለ። ማሽላ በድንጋይ ፈጭተን፣ ጨው ለሰስ ያለበት ንፍሮ ቀቅለን መኖር ጀመርን። ሆስፒታሉ ቆመ፤ የእኛዋም ክፍል ተዘጋች፣ ሲስተር የት እንደገባች የሚያውቅ ጠፋ። እኔ ደግነቱ የስድስት ወሩን መድኃኒት ወስጄ ነበር። በየቀኑ ጠርሙሷን ከፍቼ የቀረውን እቆጥር ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ባልቴት በሬን አንኳኩ። የግራናዋ ጎረቤት ናቸው፤ ጨው ፍለጋ መርሳ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ ዳገቱ ይጠብቀኛል። ያቺ ጓደኛሽ ልካኝ ነው። ‹ጥርሴን አሞኛል ይበሏት፣ ቶሎ ድረሽልኝ ይበሏት› ብላኛለች።»

መድኃኒቷ ያለቀ መሰለኝ። በየት በኩል እንዳለቀባት፣ ተዘርፋ ይሆን፣ ወንዝ ወስዶባት ይሆን እያልኩ የእኔን ጠርሙስ አወጣሁ። ባልቴቷ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ጥርስ እንዲህ ሰው ይጥላል እንዴ ልጄ? ላቧ እንዲህ ይንቆረቆራል። ትናንት ውሃ ቀድታ ስትመጣ እንስራውን አውርዳ ቁጭ አለች፣ አገጯን ይዛ። እኔ ሁለት ጥርስ ነው የቀረኝ፣ ሲወልቁ አንዱም አላላበኝም።»

ሰማኋቸው፤ ግን አላዳመጥኳቸውም። ጆሮዬ «ጥርስ» ለሚለው ቃል ለብዙ ዓመት አንድ ትርጉም ብቻ ለምዷል። ላቡንም መድኃኒት ከማጣት የመጣ ትኩሳት አደረግሁት። ኪኒኔን ለሁለት ከፈልኩ፣ ግማሹን በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለ በባልቴቷ ነጠላ ጥለት ውስጥ ሰፋሁት።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የጥርስ መድኃኒት ነው እማማ። ለእሷ ብቻ ይስጡልኝ።»

«እሺ። ከተረፈ ለእነዚህ ለሁለቱም አስቀራለሁ» ብለው ድዳቸውን አሳይተውኝ ሄዱ።

እኔ አልሄድኩም። ያለኝን ግማሽ ከሰጠሁ ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ኮራሁ።

ባልቴቷ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ነጠላቸውን ዘረጉልኝ። ጥለቱ ተተርትሮ፣ ጥቅልሉ እንዳለ ነው።

«አልቀበልም አለች። ‹የእኔ አላለቀም፣ ይሄን ለራሷ ትዋጠው። ሲስተር ያለችን ጥርስ ነው ይበሏት› ብላኛለች። እኔ አልገባኝም፤ አንቺ ይገባሽ እንደሆነ።»

ገባኝ። ያን ጊዜ ሲስተር ፊቴ ላይ ቆማ የምትናገር መሰለኝ፦ ወደ አገጭና ወደ ጥርስ ከወጣ። አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ። አራት ቀን አልፏል። ቤቴን ከነመቀሱ ክፍት ትቼ፣ ጥቅልሉን ጡቴ ስር ሸጉጬ፣ ከባልቴቷ ጋር ወጣሁ።

ማንጎ ማሳውን አልፈን ወደ ግራና ስንታጠፍ ፍተሻ ገጠመን። አንድ የታጠቀ ልጅ እግር አስቆመን። አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር በጠመንጃው አፍ ነካ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሜትር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

እጅጌው ከብብቱ እስከ ክርኑ ተቀዷል። አየው፣ አየኝ። «ስፊልኝ» አለ።

«የታመመ ሰው አለብን ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ስመለስ...»

«አሁን።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። መርፌና ክር ከእኔ አይለይም። እያንዳንዷ ጥልፍ ከእሷ ዕድሜ ላይ የምትቆረጥ መስላ ትታየኝ ጀመር። ባልቴቷ ቆመው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። ልጁ ሰው አይመስልም ብዬ ነበር፤ ስጨርስ ግን ስፌቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «እናቴም እንዲህ ነው የምትሰፋው» ብሎ አሳለፈን። በየሦስት ጥልፉ አንድ ወደ ኋላ መልሼ ነበር። በዚያ ሰዓትም እጄ ልማዱን አልረሳም።

የግራናዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ ትራስ ከጀርባዋ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። በሕይወት አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስታየኝ ፈገግ አለች።

«መጣሽ? ጥርስ ነቃይ ይዘሽ መጣሽ?»

«ዝም በይ» አልኳት እያለቀስኩ።

«ምን ዝም እላለሁ! ሰው ጥርሴን አመመኝ ቢል የሚያምነው ጠፋ። በስንቱ ዓመት አንድ ቀን እውነት ብናገር አላመንሽኝም።» ሳቀች፣ ሳቋ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመና ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቅኋት። ገለጠችው።

የሆነውን በቁርጥራጭ ነገረችኝ። እንስራውን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አገጯን እንደ ጉጠት ያዛት፤ ከዚያ ጀርባዋን፤ ከዚያ ላቡ። ተኝታ ትንሽ ተሻላት፤ በማግስቱ ደግሞ መጣ። አሁን ከአልጋዋ እስከ በሩ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራታል።

ሐኪም የለ፣ መኪና የለ፣ መንገድ የለ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እግሯን ሳሻሽ ድንገት «የሽንኩርቱን ጆንያ ፈትሺው» አለችኝ።

«ምን አለው?»

«ሲስተር የሰጠችኝን ጣልኳቸው መሰለሽ? የሰው ልጅ የደከመበትን መድኃኒት እንዴት እጥላለሁ። ከታች ናቸው።»

በሸተተ ሽንኩርት ውስጥ እጄን ከትቼ አራት ሳጥን የግፊት ኪኒን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተቀበለች ስታከማች ነበር። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ ከሜትር ተምሬያለሁ። የሚያበቃበትን ዓመት ፈልጌ አገኘሁ፣ የእነሱ አቆጣጠር ከእኛ ሰባት ስምንት እንደሚቀድም አስታውሼ ቀነስኩ፣ እንደገና ቀነስኩ። ሁለቱ ሳጥን አልፎባቸዋል። ሁለቱ ገና ናቸው። ሳጥኑ ላይ ሲስተር በእጇ «በቀን አንድ፣ ጠዋት» ብላ ጽፋለች። ያቺን ጽሑፍ ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ሆነልኝ።

እዚያው ቀረሁ። ውሃ እኔ እቀዳለሁ፣ እንጨት እኔ እሰብራለሁ፣ እሷ ተቀምጣ ታዘኛለች። የቫይረሱን ኪኒን በአንድ ሰዓት አብረን እንውጣለን። መብራትና ስልክ የሌለበት ጊዜ የሰው ዓይን ይበረታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከስቶ፣ ቀሚሱ እንደ ተሰቀለ ጆንያ ተንጠልጥሎበት፣ የእሷ ሆድ ግን እንደነበረ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ገና ሳይቀመጡ አንዷ «አንቺስ ምንም አልሆንሽም እኮ! ደንዳና ነሽ» አለች።

ሌላዋ ዓይኗን ጆንያው ላይ ጣል አደረገች። «እኛ ሟሸሽን፣ አንቺ ወፈርሽ። የት ነው የደበቅሽው እህል? ለእኛም ንገሪን እንጂ።»

ቀልድ ነው፤ ግን ውስጡ ቀልድ አልነበረም። እኔን የገረመኝ የግራናዋ ፊት ነው። እንዲያ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ ቀና አለች። ደስ አላት። «አልሐምዱሊላህ፣ ስንቄን ከላዬ ተሸክሜው ነው የምዞረው» አለቻቸውና ሆዷን መታ መታ አደረገች።

ሴቶቹ ሲወጡ አልቻልኩም።

«ስንቅ አይደለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሆድሽ። ስንቅ አይደለም፣ ምስክርም አይደለም። ቀሚስሽም ታጥቦ ጠቦ አያውቅም። ስድስት ጊዜ ነው የተረተርኩት። ሁልጊዜ እለካዋለሁ፣ ሁልጊዜ ቁጥሩን አውቀው ነበር። ሲስተር ካለችው ካለፈ ቆይቷል። አልነገርኩሽም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ንፍሮ ሳቀርብላት ትበላለች፣ ኪኒን ስሰጣት ትውጣለች፣ ቃል ግን የለም። በማግስቱ ሰግዳ ስትጨርስ፣ ቁጭ ብላ ነበር የምትሰግደው፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ለምን?»

«ስለምትወጂው።»

«ሆዴን?»

«‹ወፈርሽ› መባሉን። ደስ ሲልሽ ሳይ አፌ እምቢ ይለኛል።»

መቁጠሪያዋን ጠቀለለች። «እኔስ ብሆን ምን ነበር የማደርገው? ጉንጭሽ ሲገባ አይቼ ‹ምንም አልሆንሽም› አላልኩሽም? ሁለታችንም አብረን ነው የዋሸነው።» እጆቿን ከፍ አደረገች። «ነይ ለኪኝ። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ለካኋት። ነገርኳት።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ወልድያ ስንገባ ክፍላችን ተዘርፋ ባዶዋን ናት፤ አግዳሚው ወንበር እንኳ የለም። ሲስተር ግን ተመልሳ፣ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋ የሰው ካርድ ትለቃቅም ነበር። ስታየን ተነሳች። የግራናዋ «ጥርሴን ነው ሲስተር። የእውነቱን» አለቻት። ሲስተር አልሳቀችም። ደረቷን አዳመጠች፣ ግፊቷን ለካች፣ ከዚያ ወደ ደሴ ወረቀት ጻፈችላት። ደሴ ልጄ ያለችበት ዘመድ ቤት አርፈን መሣሪያ ያለው ሐኪም እስኪገኝ ብዙ ጠበቅን። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ያለውን የተንጋደደ መስመር በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ ልብሽ አንድ ጊዜ ተመትቷል። ያ ክፍል አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቀው» አላት።

የቀረውን እየጠበቅን ነው። የቫይረሱ ኪኒኗ ተቀይሯል፣ የግፊትና የደም ቅባት ኪኒን ትውጣለች፣ ሽንኩርት መሸከም ትታ በባጃጅ ታስጭናለች። ሆዷ አልጠፋም፤ ሲስተር ቶሎ እንደማይጠፋ ነግራናለች። ዳገት ላይ ትቆማለች። ስትቆም አብሬ እቆማለሁ፣ ሰው ሲያይ መንገድ ዳር ያለ ነገር የምናይ እየመሰልን። አንዳንድ ቀን አገጯን ስታሻሽ ሳያት እጄ መርፌውን ይስታል።

ባለፈው ሰሞን አዲስ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። የገበያ ቀን ነው፤ ቤቴ በሴት ሞልቷል። እንደ ልማዴ ወደ መጋረጃው ጀርባ ልወስዳት ስል እምቢ አለች።

«እዚሁ ለኪኝ።»

«ሰው አለ እኮ።»

«ይኑራ። ጮክ ብለሽ ተናገሪው።»

ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኘሁ፣ ቁጥሩን ሁሉም እስኪሰማ ተናገርኩ። አንዷ ከጥግ «ውይ፣ ተመችቶሻል እቴ!» አለች።

የግራናዋ ዞረች። «አልተመቸኝም እህቴ። ልቤን ታምሜ ነው» አለቻት፣ በገበያ ድምፅዋ። የቀረውን አልተናገረችም፤ እሱን ለመናገር ገና ነን። እኔም ገና ነኝ፤ ለዚህ ነው ስማችንን ያልጻፍኩት።

ጨርቁን ስቆርጥ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች። መቀሱ እንደለመደው በጎን በኩል ወጣ ብሎ ሲሄድ እጄን ያዘችኝ።

«ትርፍ አትተዪ» አለችኝ። «ሲጠበኝ እንዲያስቸግረኝ ነው የምፈልገው። ሲያስቸግረኝ ወደ አንቺ እመጣለሁ፤ አንቺ ደግሞ ትነግሪኛለሽ።»

መቀሱን መለስ አድርጌ በልኳ ቆረጥኩት።